አራት ከረጢት የማጠኛ እንጨት፦ ከጭሱ ጋር ወደ ዓሣው የሚገባው ምንድን ነው?

ዓሣ በጭስ የምታጥን አነስተኛ የብረት ካቢኔ ከገዛሁ ወራት አልፈዋል። ካቢኔዋ አራት ከረጢት የእንጨት ስንጣሪ ይዛ የመጣች ሲሆን፣ አራቱንም በየተራ ሞክሬአቸዋለሁ። ይህ ግምገማ ከካቢኔዋ ይልቅ በእንጨቶቹ ላይ ያተኩራል። የማጠኛ ዕቃ የሚገዛ ሰው የብረቱን ውፍረት፣ የበሩን አገጣጠምና የፍርግርጉን ጥንካሬ አገላብጦ ያያል፤ እንጨቱን ግን እንደ ማንኛውም ማገዶ ቆጥሮ ያልፈዋል። ማገዶ ከድስት ሥር ነድዶ አመድ ይሆናል፤ የማጠኛ እንጨት ግን ጭስ ሆኖ ዓሣው ላይ ያርፋል፣ ከዓሣውም ጋር ይበላል። ስለዚህ እንጨቱን የመዘንሁት ልክ እንደ ጨውና እንደ ቅመም ወደ ምግቡ እንደሚገባ ነገር ነው። በዚህ ሚዛን ሦስቱ ከረጢቶች፣ ልዩነታቸው እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ አልፈዋል፤ አራተኛው ግን ለምግብ ማጠኛ ተብሎ ሊሸጥ የማይገባው ነበር።

በሦስቱ ከረጢቶች ላይ የዛፉ ስም በግልጽ ተጽፏል፦ ቢች፣ አልደር እና ኦክ። ሦስቱም ሰፋፊ ቅጠል ካላቸው፣ በእንጨት ሙያ «ጠንካራ እንጨት» ከሚባሉት ዛፎች ወገን ናቸው። በአራተኛው ላይ ያለው ጽሑፍ «የተደባለቀ የተፈጥሮ እንጨት» ከማለት አያልፍም። «ጠንካራ» እና «ለስላሳ» የሚሉት ስሞች ሰውን ስለሚያሳስቱ እዚህ ላይ ማብራራት ያሻል፦ ክፍፍሉ የዛፉን ወገን እንጂ በእጅ ሲዳሰስ ያለውን ጥንካሬ አያመለክትም። አልደር ቀላልና በቢላ በቀላሉ የሚቆረጥ እንጨት ቢሆንም ከጠንካራዎቹ ይመደባል፤ ጥድን የመሰሉ መርፌ ቅጠል ያላቸው ዛፎች ደግሞ አንዳንዶቹ ከእርሱ ይልቅ የጠነከሩ ቢሆኑም ለስላሳ ይባላሉ። ለእኛ ጉዳይ የሚያስፈልገው ልዩነት ሙጫው ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

እንጨት በቂ አየር ሳያገኝ ሲጨስ ከሚወጡት በመቶዎች ከሚቆጠሩ ውህዶች መካከል፣ የካርቦን ቀለበቶች እርስ በርስ ተያይዘው የሚሠሯቸው ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን የሚባሉ ውህዶች ይገኛሉ፤ ከዚህ በኋላ በአጭሩ ፒኤኤች እላቸዋለሁ። ከእነርሱ በብዛት የተጠናው ቤንዞ-ኤ-ፓይሪን የሚባለው፣ አምስት ቀለበቶች ያሉት ውህድ ነው። ጥላሸት ካንሰር እንደሚያመጣ የተጠረጠረው ከረጅም ጊዜ በፊት ነው፤ እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፐርሲቫል ፖት በ1775 እ.ኤ.አ. የጭስ ማውጫ ጠራጊዎችን የሚያጠቃ ካንሰር ከጥላሸት ጋር የተያያዘ መሆኑን ጽፎ ነበር። ቤንዞ-ኤ-ፓይሪን ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ ውስጥ ነጥሮ የተለየው ግን በ1933 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ይህን ውህድ በ1ኛ ምድብ፣ ማለትም በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት ጋር መድቦታል። ጉዳቱ የሚደርሰውም ሰውነት ውህዱን ለማስወገድ በሚያደርገው ጥረት ውስጥ ነው፤ ኢንዛይሞች በውኃ እንዲሟሟ ሲለውጡት በመካከል የሚፈጠረው ቅርጽ ከዲኤንኤ ጋር ይጣበቃል።

ብዙ ሰው ብክለቱ ዓሣው ከኖረበት ውኃ የመጣ ይመስለዋል። የተበከለ ውኃ ዓሣን የሚጎዳ ቢሆንም፣ ዓሣ በሕይወት ሳለ ፒኤኤችን በጉበቱ እየለወጠ የማስወገድ ችሎታ አለው፤ በሥጋው ውስጥ የሚከማቸውም ብዙውን ጊዜ ጥቂት ነው። ስለዚህ በታጠነ ዓሣ ላይ ከፍ ያለ መጠን ሲገኝ በመጀመሪያ መመርመር ያለበት ምድጃውና እንጨቱ ነው። ይህ ለእኔ መልካም ዜና ነው፤ በእጃችን ያለን ነገር ማስተካከል እንችላለንና።

መጠኑ ምን ያህል ጥቃቅን እንደ ሆነ የአውሮፓ ኅብረትን ሕግ በማየት መረዳት ይቻላል። በታጠነ ዓሣ ሥጋ ውስጥ የሚፈቀደው የቤንዞ-ኤ-ፓይሪን ጣሪያ ቀድሞ በኪሎግራም 5 ማይክሮግራም የነበረ ሲሆን፣ ከመስከረም 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ 2 ማይክሮግራም ዝቅ ብሏል፤ አራት የተመረጡ ፒኤኤቾች በድምሩ ደግሞ ከ12 ማይክሮግራም እንዳይበልጡ ተደንግጓል። አራቱን በአንድነት መለካት ያስፈለገው፣ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው አስተያየት ቤንዞ-ኤ-ፓይሪን ብቻውን በቂ ጠቋሚ አለመሆኑን በመግለጹ ነው። ሁለት ማይክሮግራም ማለት የአንድ ግራም ሁለት ሚሊዮንኛ እጅ ነው። ይህን ያህል ነገር ዓይን አያየውም፣ ምላስም አይቀምሰውም። መልካም ሽታ ያለውና ወርቅ የመሰለ ዓሣ ንጹሕ ነው ማለት እንዳልሆነ አንባቢ ከአሁኑ ይገንዘብልኝ፤ እኔም ከዚህ በታች ስለ ጣዕም የምናገረውን ከደኅንነት ፍርድ ለይቼ ነው።

እንጨት ከሦስት ዋና ዋና ነገሮች የተሠራ ነው። ሴሉሎስ ከግማሽ በጥቂት ያነሰውን ድርሻ ሲይዝ፣ ሄሚሴሉሎስና ሊግኒን ደግሞ እያንዳንዳቸው ከአምስት አንድ እጅ እስከ ከሦስት አንድ እጅ የሚደርሰውን ይይዛሉ። ሲሞቅ አስቀድሞ የሚፈርሰው ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጀምሮ ሄሚሴሉሎሱ ነው፤ ሴሉሎሱ ይከተላል፤ ሊግኒን ግን ቀስ እያለ ሰፊ በሆነ የሙቀት መጠን ውስጥ ይበታተናል። ዓሣውን የሚያቀላው ቀለም በአብዛኛው ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚገኝ ሲሆን፣ የጭስን መዓዛ የሚሰጡትና ስቡ ቶሎ እንዳይበላሽ የሚያግዙት ፌኖሎች ከሊግኒን ይወጣሉ። የጠንካራ እንጨቶች ሊግኒን ከጓያኮል ሌላ ሲሪንጎል የሚባለውን ፌኖል ስለሚሰጥ ጭሳቸው ለስለስ ያለና የተሟላ መዓዛ አለው፤ የለስላሳዎቹ ሊግኒን ግን መጠኑ ከፍ ያለ ቢሆንም ከሞላ ጎደል ጓያኮልን ብቻ ይሰጣል።

ከሊግኒኑ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሙጫው ነው። መርፌ ቅጠል ያላቸው ዛፎች ቁስላቸውን የሚደፍኑበት ሙጫ በቴርፒኖችና አቢየቲክ አሲድን በመሰሉ የሙጫ አሲዶች የተሞላ ነው። እነዚህ ውህዶች ቀድሞውኑ ቀለበት ስላላቸው፣ በሙቀት ሃይድሮጂናቸውን ሲያጡ ወደ ፒኤኤች ለመለወጥ የሚቀራቸው መንገድ አጭር ነው። ከአቢየቲክ አሲድ የሚፈጠረው ሬቲን የሚባል ፒኤኤች የለስላሳ እንጨት ጭስ ምልክት ሆኖ እስኪያገለግል ድረስ ይህ ሂደት የታወቀ ነው። ሙጫ ያለበት እንጨት በቀላሉ ነበልባል ስለሚያነሣም ሙቀቱ ይንራል፣ ጥቁርና ቅባት ያለው ጥላሸት ይበዛል፤ ፒኤኤቾቹም በዚያ ጥላሸት ላይ ተሳፍረው ዓሣው ላይ ይለጠፋሉ። ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃዎችን የሚያዘጋጀው ኮዴክስ አሊመንታሪየስ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው፣ በማጠንና በቀጥታ በማድረቅ የሚመጣውን የፒኤኤች ብክለት ለመቀነስ በተዘጋጀው የአሠራር መመሪያው የእንጨትን ዓይነት ከሚመረመሩት ነገሮች መካከል ያስገባው ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ ከረጢቶቹ ልመለስ። ከሁሉ የወደድሁት የቢቹን ነው። ስንጣሪው እኩል ተቆርጧል፣ ቅርፊት የለበትም፣ በእጅ ሲታሽ ደረቅና ንጹሕ ነው። ሲጨስ ቀጭን፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጭስ ይሰጣል፤ ነበልባል ለማንሣት አይቸኩልም፤ ከካቢኔዋ ግድግዳ ላይ ከሦስት ዙር በኋላ የጠረግሁት ቅሪት ቡናማና ስስ ነበር። ዓሣው ላይ የሚተወው ጣዕም መካከለኛ ስለሆነ የዓሣውን የራሱን ጣዕም አይሸፍንም። ከረጢቱ ላይ የዛፉ ስም፣ «ቅርፊት የሌለው» የሚል ቃልና የስንጣሪው መጠን ታትሟል፤ የጎደለው የእርጥበቱ መጠን ብቻ ነው።

አልደሩ ከቢቹ ይልቅ ቀላል ስለሆነ ፈጥኖ ያልቃል፤ ለአንድ ዙር የሚያስፈልገው መጠንም በዓይን ግምት አንድ ተኩል ያህል እጥፍ ነው። ጭሱ ጣፋጭነት ያለውና የዋህ ነው፤ ነጭ ሥጋ ላለው ስስ ዓሣ ከአራቱ የተሻለው ይህ ነው። ነቀፌታዬ ቅርፊቱ ሙሉ በሙሉ አለመነሣቱ ነው። ቅርፊት አቧራና አሸዋ ይይዛል፣ ከግንዱም ይልቅ ብዙ አመድ አለው፤ እኔ ቅርፊት ያለባቸውን ስንጣሪዎች በእጄ እየለቀምሁ አውጥቻለሁ፣ ይህ ግን የገዥው ሥራ መሆን አልነበረበትም።

ኦኩ ጠንካራና ከባድ እንጨት ነው፤ ፍሙ ረጅም ጊዜ ይቆያል፣ ዓሣውንም በፍጥነት ያጠቁረዋል። ባለው ብዙ ታኒን የተነሣ በጣዕሙ ውስጥ መጠነኛ ምሬት ይሰማል፤ ስብ ያለበት ዓሣ ይህን ይሸከማል፣ ስስ ዓሣ ግን ይሸነፍበታል። ስለ ኦክ የምሰጠው ማስጠንቀቂያ ከጣዕሙ ይልቅ ፍሙን የሚመለከት ነው፦ ፍሙ ብርቱ ስለሆነ አየር ማስገቢያውን ጠበብ ካላደረጉት ሙቀቱ ሳይታወቅ ይወጣል፤ የሙቀቱ ጉዳይ ደግሞ ከዛፉ ስም የሚበልጥ ነገር ነው።

በሦስቱ መካከል በፒኤኤች ረገድ የትኛው እንደሚያንስ ቅደም ተከተል ማውጣት የሚፈልግ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። በተለያዩ ጊዜያት የተደረጉ ጥናቶች በጠንካራ እንጨቶች መካከል ያስቀመጡት ደረጃ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ምክንያቱም የአንዱ ምድጃ ከሌላው፣ የአንዱ እርጥበትና ሙቀት ከሌላው ይለያያል። ስለዚህ ከቢችና ከኦክ አንዱን «ንጹሑ» ብሎ መሾም ልክ አይመስለኝም። ሙጫ ከሌለው ወገን መርጦ ቀሪውን ጥንቃቄ ለአጫጫሱ መስጠት የበለጠ ያዋጣል።

አሁን ስለ አራተኛው ከረጢት። የተደባለቀው እንጨት ሲከፈት የመጣው ሽታ የሙጫ ነው፤ ይህ ብቻ ለጥርጣሬ ይበቃል። ይዘቱን ነጭ ወረቀት ላይ ዘርግቼ ስመረምረው ሦስት ዓይነት ነገር አገኘሁ። አብዛኛው ቀለሙ ፈዘዝ ያለ፣ የሙጫ ነጠብጣብ የደረቀበት የለስላሳ እንጨት ስንጣሪ ነው። ቀጥሎ ከሰጋቱራ ጋር የተደባለቀ ብዙ ቅርፊት አለ። ሦስተኛው ያስደነገጠኝ ነው፦ ስስ ንብርብሮቹ በጥቁር የማጣበቂያ መስመር የተያያዙ፣ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ መሆናቸው የማያጠራጥር ጥቂት ስንጣሪዎች። ከአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ወለል ላይ የተጠረገ ይመስላል። ከዚህ ከረጢት አንዲት እፍኝ ብቻ፣ ዓሣ ሳላስገባ፣ ባዶ ካቢኔ ውስጥ አጭሼ አየሁ፤ ጭሱ ወፍራምና ቢጫ ሲሆን ዓይን ይቆጠቁጣል፣ በአንድ ዙር ብቻም የካቢኔዋ በር ላይ ጣት የሚያጠቁር ጥላሸት ተወ። ቀሪውን ጣልሁት።

ይህን አጥብቄ የምናገረው በምክንያት ነው። ኮምፔንሳቶና የተጨመቀ ጣውላ የሚጣበቁት አብዛኛውን ጊዜ ፎርማልዴሃይድ የሚባል መርዛማ ኬሚካል ባለበት ማጣበቂያ ነው። ምስጥና ብስባሽ እንዳይጎዳው ተብሎ በኬሚካል የተነከረ እንጨት ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው፤ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት የኖረው አንዱ መከላከያ ክሮሚየም፣ መዳብና አርሴኒክ የተደባለቁበት ሲሆን፣ አርሴኒኩ ሲቃጠል ከፊሉ ከጭሱ ጋር ይወጣል። ፔንታክሎሮፌኖል የሚባለው ሌላ መከላከያ የተቀባ እንጨት ሲቃጠል ዳዮክሲን የሚባል ብርቱ መርዝ ሊፈጥር ይችላል፤ ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ በሚሠራው በክሪዮሶት የተነከረው እንጨት ደግሞ ፒኤኤችን በራሱ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። የቀለም ንብርብር ያለበት አሮጌ እንጨት ሊድ ሊኖርበት ይችላል። ኮዴክስም ጭስ የሚወጣበት እንጨት በቀለም፣ በመከላከያ ኬሚካል ወይም በማንኛውም መርዛማ ነገር ያልተነካ መሆን እንዳለበት ያዝዛል። «የተፈጥሮ» የሚለው ቃል ከእነዚህ የትኛውንም አይከለክልም፤ ሙጫ ያለው ዛፍም የተፈጥሮ ነው።

የጭስ ማመንጫዋ ግን ምስጋና ይገባታል። ስንጣሪው የሚጨሰው ከካቢኔዋ ውጭ በተለየች ሣጥን ውስጥ ነው፤ ጭሱ በክንድ ርዝመት ባለ ቧንቧ አልፎ ይገባል። እንጨቱ የሚጨስበት ሙቀት ከ400 ዲግሪ ወደ 1000 ዲግሪ ሲሄድ የፒኤኤቹ መጠን አብሮ እየጨመረ እንደሚሄድ የታወቀ ስለሆነ፣ ሥራው ሁሉ ፍሙን ዝቅ አድርጎ መያዝ ነው። የአየር ማስገቢያዋ ቀዳዳ በብረት ክዳን ይጠብባል ይሰፋል፤ ሩብ ያህል ስከፍተው እንጨቱ ነበልባል ሳያነሣ ይጨሳል። ነበልባል ባየሁ ቁጥር ወዲያውኑ እዘጋዋለሁ። በቧንቧው ውስጥ ጭሱ ሲቀዘቅዝ ከባዱ ሬንጅና ጥላሸት ግድግዳው ላይ ይቀራል፤ ከየዙሩ በኋላ የሚጠረገው ጥቁር ዝቃጭ ዓሣው ላይ ሊያርፍ የነበረ ነው። ችግሩ ቧንቧው ተፈትቶ ለመታጠብ አለማመቹ ነው፤ ረጅም ብሩሽ ያስፈልጋል፣ አምራቹ ግን አልጨመረውም። ካልጸዳ የተጠራቀመው ሬንጅ መልሶ ወደ ካቢኔዋ ይንጠባጠባል።

ስንጣሪውን ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ ይገባል የሚለው ምክር ከካቢኔዋ መመሪያ ላይም ሰፍሯል። እኔ አልስማማም። የተዘፈዘፈ እንጨት ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ እንፋሎት እንጂ ጠቃሚ ጭስ አይሰጥም፤ ፍሙም እየጠፋ ደጋግሞ መለኮስ ይጠይቃል፣ በእያንዳንዱ ልኮሳም ነበልባል ይነሣል። ሻጋታ የያዘ እርጥብ እንጨት ደግሞ ፈጽሞ መግባት የለበትም። በሚገባ የደረቀ እንጨትና የጠበበ አየር ከእርጥብ እንጨትና ከሰፊ አየር ይሻላሉ።

የእንጨቱ ምርጫ ምንም ያህል ቢሰምር የዓሣው ስብ ፍም ላይ ከተንጠባጠበ ድካሙ ከንቱ ነው፤ የሚንጠባጠበው ስብ ራሱ በፍሙ ላይ ተቃጥሎ ፒኤኤች ይሆናልና። በዚህች ካቢኔ እሳቱ ውጭ ስለሆነ ይህ አይደርስም፤ ከፍርግርጉ ሥር ያለችው የስብ መቀበያም ሥራዋን በሚገባ ትሠራለች። በዚሁ ሐሳብ የተመሠረተ ዘዴ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በሴኔጋል ቲያሮይ ከሚገኝ የዓሣ ቴክኒክ ማሠልጠኛ ማዕከል ጋር ያዘጋጀው ምድጃ ነው፤ በእርሱም ዓሣው አስቀድሞ በከሰል ሙቀት ይበስላል፣ ስቡ በትሪ ይሰበሰባል፣ ጭሱ ከተለየ ማመንጫ ኋላ ይመጣል። እኔም ይህንኑ ቅደም ተከተል ይዤ ዓሣውን በኤሌክትሪክ ሙቀት አብስዬ ካበቃሁ በኋላ ለአጭር ጊዜ ብቻ አጥነዋለሁ። ጭስ ይቀነስ ሲባል ማብሰሉና ጨው መንከሩ ይቀነስ ማለት አለመሆኑን ግን ማንም እንዳይስተው፤ ባክቴሪያ ከፒኤኤች ይልቅ ፈጥኖ ይጎዳል።

ቆዳውን በተመለከተ፣ ፒኤኤች ስብ ወዳድ ስለሆነና ከውጭ ስለሚመጣ ብዙው የሚቀረው በቆዳውና ከሥሩ ባለው ስስ ሽፋን ላይ ነው። ስለዚህ ዓሣውን ከነቆዳው አጥኖ ሲበሉ ቆዳውን መግፈፍ ቀላሉ መከላከያ ነው። ለሕፃናት የማቀርበውን ሁልጊዜ ቆዳውን ገፍፌ ነው፤ ቆዳው ጣፋጭ መሆኑን ባውቅም ለዚህ ጉዳይ አልደራደርም።

እንግዲህ ፍርዴ ይህ ነው። የቢቹን ከረጢት ያለ ማቅማማት ደግሜ እገዛለሁ። አልደሩን ቅርፊቱን ለመልቀም ጊዜ ያለው ሰው ይግዛው። ኦኩን አየር ማስገቢያውን መቆጣጠር ለለመደ እጅ እመክራለሁ፤ ለጀማሪ አይሆንም። አራተኛውን ከረጢት ግን በስጦታም ቢመጣ አልቀበልም። ካቢኔዋን ለሠራው ድርጅት የከረጢቱን ፎቶግራፍ ከነኮምፔንሳቶ ቁራጮቹ ልኬ፣ የዛፉ ስም፣ የቅርፊቱ ሁኔታ፣ የእርጥበቱ መጠንና በኬሚካል አለመነከሩ በየከረጢቱ ላይ እንዲታተም ጠይቄአለሁ። የመጣልኝ መልስ ሌላ ከረጢት በነፃ እንደሚላክልኝ የሚገልጽ ነበር፤ ከሳምንታት በኋላ የደረሰው ከረጢትም የዛፍ ስም የሌለበት ያው የተደባለቀ እንጨት ነው። ሳልከፍተው አስቀምጬዋለሁ።